«የሙሽራዋ አያት ነዎት?»

ሰላም እህቴ፣

አምድሽን የማነበው ናይት ሺፍት ስሠራ ነው። አዛውንቶቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን አወጣና ለሰው የምትመልሺውን አያለሁ። እኔም እጽፋለሁ እያልኩ ስተወው ቆየሁ። አሁን ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

53 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያስመረረኝ የሰው አፍ ነው። የኛ ሰው ሲያገኝሽ መጀመሪያ የሚያየው ፊትሽን ነው፤ ያየውንም በሆዱ አይዝም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» እባላለሁ። አላመመኝም። እንጀራ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ «ማዘር፣ ሥራ በዛብሽ አይደል? ፊትሽ ያስታውቃል» ይለኛል። ማዘር የሚለኝ ሰውዬ እኮ ራሱ ሽበት አለው። ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩሽም። ሐዘንተኛዋ አጠገብ ተቀምጠው «ምነው አንቺ እንዲህ ጠቆርሽ?» ይላሉ።

የድሮ ጓደኞቼ ደግሞ ስንገናኝ ፎቶ ያወጣሉ። «አቤት ያን ጊዜ!» ይላሉ። ያን ጊዜ ምን? አሁንስ ምን ሆንኩ?

የባሰው ግን የልጄ የሽምግልና ዕለት ነው። አዲስ የሀገር ልብስ አሰፍቼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዶሮ ስሠራ አድሬ ነው የጠበቅኋቸው። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ነገሩም አማረ። ከዚያ ከዳላስ የመጡት የልጁ አክስት ተነሥተው እጄን ያዙና በጣም በፍቅር «የሙሽራዋ አያት ነዎት? ለዚህ ያበቃዎት አምላክ ይመስገን» አሉኝ። በአንቱታ! ሳቅሁ። ምን አደርጋለሁ? ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ወጡን ላማስል ብዬ ማድ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። በኋላ ሳጣራ ሴትዮዋ በዕድሜ ይበልጡኛል።

ባሌ 61 ዓመቱ ነው። እሱን ማንም ምንም አይለውም። ሽበቱን እንኳ «አማረብህ» ይሉታል።

አብራኝ የምትሠራ እኩያዬ ጓደኛ አለችኝ። እረፍት ወጥታ ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ መጣ። እንቅልፍ ጠግባ የተነሣች ነው የምትመስለው። ለምኜ አስነገርኳትና እሷ ወደተሠራችበት ቦታ ወሰደችኝ። አንዲት ወጣት ነርስ በታብሌት ፎቶ አነሣችኝ። ፊቴን ስክሪኑ ላይ አድርጋ በጣቷ እያሰመረች «እዚህ ወርዷል፣ እዚህ ጎድጉዷል፣ እዚህ ተሸብሽቧል» አለችኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ፊቴን በሕይወቴ እንደዚያ ተተንትኖ አይቼው አላውቅም።

ሙሉ ፊት የሚሉት ጥቅል አላቸው። መጀመሪያ ቆዳውን በሌዘር ያድሱታል። ከዚያ ግንባሬና ዓይኔ ዙሪያ ቦቶክስ። ከዚያ ጉንጬና ከዓይኔ ሥር ፊለር፣ የጎደለውን በመርፌ የሚሞሉበት። ከዚያ መንጋጋዬን በክር ወደ ላይ ይስቡታል። ፌስሊፍቱን ወደፊት ታደርጊዋለሽ ብላኛለች። ሁሉንም በሁለት ቀጠሮ ይጨርሱታል። ዋጋው 9,600 ዶላር ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ዲፖዚት ከከፈልኩ 7,900 ይሆንልኛል። ሐኪሙን አላየሁትም። የሚሠራልኝ ዕለት ይመጣል ተብያለሁ።

ፊትሽን ስለማትጠብቂ ነው እንዳትይኝ። እጠብቃለሁ። ልጄ ሃይስኩል ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ከአገር ቤት ሰው በመጣ ቁጥር የሚላክልኝ ክሬም አለ፤ ማታ ማታ እቀባዋለሁ። መጀመሪያ ለማድያት ነበር የያዝኩት። ጥሩ አድርጎ አጥርቶልኝ፣ አቅልቶኝም ነበር። አሁን አሁን ካልቀባሁት ይቆጣብኛል፣ ያሳክከኛል፤ ስቀባው ይተወኛል። ልጄም ለሰርጓ ፊቷ እንዲጠራ ከኔው ላይ ትንሽ ትንሽ እየወሰደች ትቀባለች። እና እንክብካቤ ጎድሎብኝ አይደለም። ዕድሜ ነው፣ የሰው ዓይንም ነው።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እቁብ ደርሶኛል። ለመልሱ ድግስ ብለን ነበር የገባንበት። ባሌ ገና ያልደረሰኝ ነው የሚመስለው፤ አልነገርኩትም። ብሩን ለፊቴ ባውለው ኃጢአት ነው ወይ? እናቴ ብትሰማ «እግዜር የሠራውን ልታርሚ ነው?» ትለኛለች። እኔ ግን ደከመኝ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊቴን አይቶ ዝም ቢለኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ሴትዮዋ አያቷ ነዎት ወይ ሲሉኝ ልጄ አጠገቤ ነበረች። ሰምታለች። «እናቴ ናት» አላለችም። ዝም ብላ ወደ መሬት አየች። ከዚያ ወዲህም አላነሣችውም። ልጄ አፍራብኝ ይሆን? ይህን ፊት ባድሰው ለእሷ ብዬ ነው። ምን ትይኛለሽ?

የሙሽራ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣

ዲፖዚቱን አትክፈዪ። ሌላውን ሁሉ ከዚህ በኋላ እናወራዋለን።

አክስትየዋን፣ ባለሱቁን፣ ለቅሶ ቤት ያሉትን ሴቶች በሰፊው ነገርሽኝ። ክሬሙን ግን በጥቂት መስመር አለፍሽው፤ ያውም ፊቴን እጠብቃለሁ ለማለት። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። «ካልቀባሁት ይቆጣብኛል፣ ስቀባው ይተወኛል» ብለሻል። ይህን የሰማ የቆዳ ሐኪም ቀድሞ የሚጠረጥረው ስቴሮይድ፣ የቆዳ ቁጣንና ማሳከክን የሚያስታግስ መድኃኒት ነው።

ፊት ያቀላሉ ተብለው በሻንጣ ከሚመጡ ክሬሞች ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘው ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ነው። ቆዳ ላይ ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ሁሉ በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት ነው። ሐኪም አዝዞት እንኳ መመሪያው ከ2 ሳምንት በላይ በተከታታይ እንዳይቀባ ይላል። ፊት ላይም አይደረግም። አንቺ ልጅሽ ሃይስኩል ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ በየማታው ፊትሽ ላይ አድርገሽዋል። ልጅሽ አሁን ልታገባ ነው።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ያምራል። ማድያቱ ይለቃል፣ ፊት ይጠራል፣ ሰውም «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ከዚያ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ ይሄዳል። ቀጫጭን ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ቡግር ይወጣል፣ ትንሽ ጭረት እንኳ ለመዳን ይቸገራል። ማቆም ስትሞክሪ ፊትሽ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል። ስለዚህ ተመልሰሽ ትቀቢያለሽ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያቀላ መድኃኒት አብሮ ይቀላቀላል። እሱ ለዓመታት ሲቀባ፣ በተለይ እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ያ ጥቁረት ከማድያት ይልቅ እልኸኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ወዲህ ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ተደርጓል።

እና እስቲ አስቢው። «ምነው ጠቆርሽ፣ አሞሽ ነበር እንዴ?» የሚሉሽ ሰዎች ያዩት ዕድሜሽን ላይሆን ይችላል። ክሬሙ የሠራውን ይሆናል ያዩት።

ሌላው የምፈራው ሜርኩሪ ነው። በአሜሪካ ሕግ በመዋቢያ ክሬም ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ መኖር የለበትም። ስማቸው የማይታወቅ የሚያቀሉ ክሬሞች ሲመረመሩ ግን ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚገኝባቸው አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። በ2019 ካሊፎርኒያ፣ ሳክራሜንቶ ውስጥ አንዲት ሴት ከውጭ አገር የመጣላትን የተበከለ የፊት ክሬም ስትቀባ ቆይታ ራሷን እስከ መሳት ደርሳለች። ሜርኩሪ በፎጣ፣ በትራስ ልብስ፣ በእጅም ይተላለፋል። እዚያ ቤት የሚኖር ሁሉ ይነካዋል፤ ባልሽም ጭምር።

ክሬሙን ግን ዛሬ ተነሥተሽ እንዳትወረውሪው። ለዓመታት የተቀባ ስቴሮይድ በአንድ ጊዜ ሲቆም ፊት ክፉኛ ሊቆጣ ይችላል። ብዙ ሲቀባ ወደ ደም ገብቶ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት እንዲያቆም ሊያደርግም ይችላል። ስለዚህ የቆዳ ሐኪም ዘንድ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ፤ «ፊት የሚያቀላ ክሬም ለዓመታት ስቀባ ኖሬ ፊቴ ተጎድቷል» በያቸው። ቱቦውን ከነማሸጊያው በፕላስቲክ ቋጥረሽ ውሰጂ። ጽሑፉ የማይነበብ ቢሆንም፣ ስም ባይኖረውም ውሰጂው። የሽንት ምርመራ ለሜርኩሪ እንዲያደርጉልሽ ራስሽ ጠይቂ። አንቺ ያለሽበት አካባቢ የጥቁር ቆዳን ነገር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሐኪሞች አሉ፤ ዋሽንግተን ያለው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል በዚህ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ሆነው ይህን የሚያነቡ ደግሞ አለርት ሆስፒታል አለላቸው።

ስለ ልጅሽ የምናገረው ተቆጥቼ ነው። «ከኔው ላይ ትንሽ ትንሽ እየወሰደች» ብለሽ አለፍሽው። ገና ልታገባ ያለች፣ ነገ ልትወልድ የምትችል ልጅ ናት። ሜርኩሪ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። በጡት ወተትም ያልፋል። ዛሬ ማታ ክሬሙ ከእጇ ይውጣ። እሷ በቅርብ ስለጀመረችው መለየቱ ይቀላታል፤ ያም ሆኖ አብራሽ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ እሷም ትመርመር። ለሰርጌ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነው ብትልሽ አትስሚያት። አንቺም የጀመርሽው ለማድያት ነበር።

እሷ ፊቷ ምን ጎደለበትና ነው የሚጠራው? አንቺ በየማታው መስታወት ፊት ቆመሽ የራስሽን ቀለም ስትፋቂ እያየች ነው ያደገችው። ይህ ክብደት ያንቺ ነው። አንቺ ነሽ የጀመርሽው፣ የምታቆሚውም አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ፊትሽ።

«እግዜር የሠራውን አትንኪ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጥርሳችንን እናሳስራለን፣ ሽበታችንን እንቀባለን፣ ለዓይናችን መነጽር እናደርጋለን። በፊቷ የደከመች ሴት ልትታከም ብትፈልግ እናትሽ እንደሚሉት ኃጢአት አይመስለኝም። ያ ቦታ ግን ያንቺን ፊት ሊነካ አይገባውም። ምክንያቴም አንድ ነው። ነርሷ ፎቶ አነሣች፣ አሰመረች፣ ዋጋ ነገረች፤ ፊትሽ ላይ ምን እንደምትቀቢ አልጠየቀችሽም። ሐኪሙ ጭራሽ አላየሽም። በስቴሮይድ የሳሳ ጠይም ቆዳ ላይ ሌዘር ሊለኩሱ ነበር።

ሌዘር ብርሃን ነው። ብዙዎቹ የሌዘር ዓይነቶች ጥቁር ቀለም ሲያገኙ ብርሃኑ ይጠጣል፣ ሙቀትም ይሆናል። ነጭ ቆዳ ላይ ጠቃጠቆ የሚያነሣው መሣሪያ ያንቺን ጤነኛ ቆዳ ሊያቃጥለው ይችላል። ከተቃጠለ በኋላ የሚመጣው ጥቁር ምልክት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። በ1975 የሃርቫርዱ ሐኪም ቶማስ ፊትዝፓትሪክ ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ በደረጃ የከፈለበት መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል። 6 ደረጃ አለው። እኛ ኢትዮጵያውያን አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነን። ደረጃሽን ያልነገረሽ ሰው ሌዘር ይዞ አይቅረብሽ። ለጠይም ቆዳ የሚሻሉ አሉ፤ ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር አንዱ ነው፣ በጥቃቅን መርፌ የሚሠራውም እንዲሁ። እነሱም ቢሆኑ ቆዳሽ ካገገመ በኋላ ነው።

የኛ ፊት የሚያረጀው ነጮቹ እንደሚያረጁት አይደለም። የቆዳችን ቀለም ራሱ ኃይሉ (ሰንስክሪን ላይ SPF ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር) እስከ 13 የሚደርስ የፀሐይ መከላከያ ያህል ይሠራል። ስለዚህ ቀጫጭን ሽብሽባት ዘግይቶ ይመጣል። እኛ ላይ ቀድሞ የሚታየው የቀለም መዘበራረቅ፣ የጉንጭ መጉደልና የዓይን ሥር መጎድጎድ ነው። በዚያ ላይ አጥንቱም ይሸሻል፣ የፊት ስቡም ቦታውን ይለቃል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት መጀመሪያ 5 ዓመታት ቆዳ አጥብቆ የሚይዘውን ኮላጅን እስከ 30 በመቶ ድረስ ሊያጣ ይችላል። 53 ዓመትሽ ነው፤ ይህ በትክክል ያንቺ ጊዜ ነው። ሌሊት እየሠራሽ ቀን የምትተኚ ሴት መሆንሽን ደግሞ አትርሺ። «የደከመሽ ትመስያለሽ» ቢሉሽ እውነትም ስለደከመሽ ነው።

ከጥቅሉ ውስጥ አንዱን ምረጪ ብባል ቦቶክሱን እመርጣለሁ። ጡንቻው ለጊዜው እንዳይኮማተር ያደርጋል፤ በ3 እና በ4 ወር ውስጥ ይለቃል። በቅንድብ መካከል ላለው መስመር አሜሪካ ከ2002 ጀምሮ የፈቀደችው ነው። በቂ ሥልጠና ያለው ሰው፣ ከታወቀ አቅራቢ በመጣ መድኃኒት ከወጋሽ የምፈራው የለኝም። እርካሹን ግን ፍሪ። በ2024 በ11 ግዛቶች 22 ሰዎች ሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ያልተያዘ መርፌ ተወግተው ታመዋል፤ ግማሾቹ ሆስፒታል ገብተዋል።

ከዓይን ሥር ፊለር አታድርጊ። ቆዳው እዚያ ቀጭን ነው፣ ያንቺ ደግሞ ከማንም የባሰ ሳስቷል። ያብጣል፣ ይታያል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፊለሩ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሊዘጋው ይችላል። ይህ አይዘወተርም፤ ሲሆን ግን ዓይን አጥፍቶ ያውቃል። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሆነው ፊለር በመርፌ መሟሟት ይችላል፤ ያንን ማሟሟቻ እዚያው ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የማይሠሩ ሰዎች አይንኩሽ። ጉንጭ ላይ በልኩ ሲደረግ ግን ያምራል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚታሰብ ነው። ክሩን እርሺው። ውጤቱ ብዙ ሳይቆይ ይለቃል፣ ገንዘብሽም ይዞ ይሄዳል።

ፌስሊፍትን በክፉ አላይም። የላላ መንጋጋና አንገት ላይ እሱን የሚያህል የለም። ጎበዝ ቀዶ ሐኪም ሲሠራው ላይ ላዩን ቆዳ አይጎትትም፣ ከሥሩ ያለውን ንብርብር ያነሣል፤ ውጤቱም ወደ 10 ዓመት ይቆያል። የሐኪሙ ክፍያ ብቻ በአማካይ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ማደንዘዣውና ክፍሉ ለብቻ ይከፈላል። ግን ልብ በዪ፤ ፌስሊፍት ቀለም አያስተካክልም፣ ማድያት አያጠፋም። ቁስሉ ከጆሮ ፊትና ኋላ ነው። ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትከተቢ ያበጠ ጠባሳ ከወጣብሽ፣ ወይም ከቤተሰብሽ ኬሎይድ ያለበት ካለ፣ ሳይጠየቅ ተናገሪ። ስቴሮይድ ቆዳሽ ላይ እያለ ቢላዋ ከነካሽ ቁስሉ መዳኑን እኔ አልተማመንበትም።

ሐኪሙ ክሬሙን ካስለቀቀሽና ቆዳሽ ከተረጋጋ በኋላ ሁለት ርካሽ ነገሮች አሉ፤ በ9,600 ዶላር ከቀረበልሽ ሁሉ እነዚህን አምናለሁ። አንዱ ሰንስክሪን ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ900 በላይ ሰዎችን ለ4 ዓመት ተኩል የተከታተለና በ2013 የታተመ ጥናት፣ በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ቆዳ 24 በመቶ ያነሰ እርጅና እንዳሳየ አግኝቷል። ሰዎቹ በብዛት ነጮች ነበሩ፤ ለማድያት ግን ለኛም የግድ ነው። ማድያትን ተራው ብርሃንም ስለሚያባብሰው ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የተቀላቀለበትን ግዢ። መልክሽን የሚመስል ቀለም ፈልጊ። ሁለተኛው ትሬቲኖይን ነው። በሐኪም ይታዘዛል፣ ለብጉር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ፀሐይ የጎዳውን ቆዳ እንደሚያሻሽል ከ1986 ጀምሮ በጥናት ታይቷል። ለውጡን ለማየት ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሐኪሙ ጀምሪ እስኪልሽ አትጀምሪው፤ የተቆጣ ፊት ላይ ያቃጥላል።

ስለ ሰርጉ እውነቱን ልንገርሽ። ክሬሙን ስታቆሚ ፊትሽ ከመሻሉ በፊት ሊብስ ይችላል። የሰርጉ ዕለት ፊትሽ ገና እያገገመ ሊሆን ይችላል። ይህን አውቀሽ ግቢበት። ሜካፕ የምትሠራሽን ልጅ ቀድመሽ አግኚያት፣ ቆዳዬ ተጎድቷል በያት፣ ሽቶ ያለበት ነገር እንዳታደርግብሽ። አዲስ ነገር የምትሞክሪ ከሆነ ቢያንስ ከወር በፊት ይሁን። የሰርጉ ሳምንት ማንም ፊትሽን አይሞክርብሽ።

እቁቡን በተመለከተ ለባልሽ ዛሬ ንገሪው። ለመልስ ብላችሁ አብራችሁ የገባችሁበት ገንዘብ ነው። የክሬሙንም ንገሪው፤ ትራሱ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ የማወቅ መብት አለው። ለሐኪም ከእቁቡ ላይ እወስዳለሁ ብትዪው የሚከለክልሽ አይመስለኝም። ከከለከለሽ ጻፊልኝ፤ ለእሱም የምለው አለኝ።

ልጅሽ ለምን ዝም እንዳለች የምትነግርሽ እሷ ብቻ ናት። እስካሁን ያልጠየቅሻት መልሱን ስለፈራሽ ይመስለኛል። እኔ እንደሚታየኝ፣ በገዛ ፊቷ ያልተማመነች ልጅ ለእናቷ ፊት ጥብቅና ለመቆም አቅም ታጣለች። ተሳስቼ ከሆነ ታርምሻለች። ሴትዮዋ ግን እንግዳ ናቸው፣ ቤትሽ የገቡትም በክብር ነው፤ «እናቷ ነኝ» ማለት የነበረብሽ አንቺ ነሽ። ዶሮውን ሌሊት የሠራሽው፣ ልጅቱን ያሳደግሽው አንቺ ነሽ። ሰርጉ ላይ እንደገና ሲያገኙሽ ቀድመሽ እጅሽን ዘርጊና ማን እንደሆንሽ ንገሪያቸው።

ቀጠሮውን ለሁለታችሁም በአንድ ቀን አድርጊው። ስትሄዱ መኪናውን አንቺ ንጂ፣ እሷ አጠገብሽ ትቀመጥ። የሽምግልናውን ነገር እዚያ አንሺባት። ሐኪሙ ስለ ቱቦው ምን እንዳለም ጻፊልኝ፤ ከአገር ቤት ያንኑ ክሬም የሚያስመጡ ብዙ ሴቶች ይህን አምድ ያነባሉ።